ተሰባሪ ዕቃ

ሥራዬ ማሸግ ነው፤ ገለባና ሣጥን፣ መዶሻና ሚስማር፤
ሌላው ሠርቶ ሲያበቃ ነው የኔ ቀን የሚጀመር።
የጉንቮርን ዕድሜ በክብደት አውቃለሁ፤
ሃምሳ ዓመት ሙሉ በክንዴ ይዣለሁ።

ዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣ የመጣች ለታ፣
በስሞላንድ ጫካ፣ ጥድ በከበበው ቦታ፣
ምድጃው ቀን ከሌት በማይተኛበት፣
ወንድ ብቻ ነበር ቱቦ የሚይዝበት።
እሷ ተሸካሚ፤ ትኩሱን በሹካ
ወደ ማብረጃው ክፍል፣ ቀስ ብላ፣ ሳትነካ።
«የሴት ትንፋሽ አጭር ነው» ይሉ ነበር ወንዶቹ፤
ይሉ ነበር፣ እያሳሉ አንዳንዶቹ።

ሃልስተን ሽማግሌው ግን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣
ዓሣው በምድጃው ጠርዝ ሲጠበስ፣ ሰው ሳያይ፣
ቱቦውን ሰጣት። «አትንፊው እንደ ፊኛ፤
እፍ በዪው፣ ምስጢር እንደምትነግሪው ጓደኛ።»

እፍ ያሉት መብራት ይጠፋል፤ እፍ ያሉት ፍም ይነዳል፤
ማር መሳዩ ቅላጭ ግን ሆድ አወጣ፣ ሊወድቅ ይዳዳዋል።
ዘመመ። ሆዱ ውስጥ አንድ አረፋ ቀረበት።
በማግስቱ ሲበርድ፣ ስቃ ጣለችው፣ ስብርባሪ ካለበት።
እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም፣
ከቅርጫቱ አንስቼ ጠቀለልኩት። ማንም አላየኝም።

ትኩስ ብርጭቆ በምን እንደሚለሰልስ ታውቃላችሁ?
በእርጥብ ጋዜጣ። ያጣጥፉታል፣ ይነክሩታል፣ በመዳፍ ይይዙታል፤
ጭሱ ሽቅብ ይወጣል፣ ፊደሉ ይከስላል።
ያን ማክሰኞ ጉንቮር የያዘችው ገጽ ስለኛ ነበረ፤
ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ይላል። እጇ ላይ ጠቆረ።
በትከሻዋ አሻግሬ ያነበብኩት እኔ ነኝ።
እሷ ዓይኗ ከብርጭቆው አልተነሣም።
ቅርጹ እስኪያልቅ ዝም አልኩ።

ምድጃው በጠፋ ሌሊት ጸጥታው አላስተኛንም፤
ሰው ሲሞት እንኳ መንደሩ እንደዚያ ዝም አይልም።

ከባንክ ተበደረች፤ አሮጌ የላም በረት ገዛች፤
ግድግዳውን ኖራ ቀብታ ትንሽ ምድጃ ተከለች።
ሁለት ክረምት አንድም ሣጥን አላሸግኩም፤
ለጋዝ እንጂ ለራሷ ስትገዛ አላየሁም።

ፋብሪካ ሳለን የብርጭቆው ቂጥ ይሞረድ ነበር፣
ከብረቱ የተላቀቀበት ጠባሳ እንዳይኖር።
እሷ ተወችው። «እንብርት ነው» አለች፣ «እትብቱ የተቆረጠበት፤
ማን አለ እንብርት የሌለው?»
ነጋዴዎቹ ግን ዋጋ ቀነሱ በእያንዳንዱ እንብርት።

ከዚያ አንድ ሰው ጻፈ። ሌላ ሰው ጻፈ።
ሣጥኔ ከኦስሎ አልፎ ባሕር ቀዘፈ።
ኪዮቶ ላይ አንዱ ተሰበረ፤
ሰባት ወር የፈጀው ሰማያዊ፣ ከሁሉ የከበረ።
ሌሊቱን ሙሉ ገለባዬን ስወቅስ አደርኩ።
ጠዋት ስነግራት ዳቦዋን እየቆረሰች ነበር።
«ስንጥሩን ይመልሱልኝ በላቸው» አለች፤
«እሳት ቂም አያውቅም።»

አሁን ሳምባዋ ያፏጫል፤ ሐኪም ከልክሏታል።
ሊቭ የምትባል ልጅ ትነፋለች፤ የጉንቮር ጣት ይናገራል፦
ዝቅ። አዙሪ። በቃ።
ልጅቷ ስትነፋ የአሮጊቷም ጉንጭ ይሞላል፣
ሳታውቀው፣
ሕፃን ስታጎርስ አፏን እንደምትከፍት እናት።

ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራዋን ሊያሳይ ጠየቀ፤
«የመጀመሪያውስ?» አሉ። «ከስብርባሪ ጋር ዱሮ አለቀ።»
ቤቴ ሄድኩ። ከመደርደሪያው፣ ከሻይ ጣሳው ኋላ፣
አወጣሁት፤ ጠማማውን፣ አቧራ የለበሰውን።
ጠረጴዛዋ ላይ ሳኖረው መነጽሯን ፈለገች፤
አረፋውን ወደ መስኮት አዙራ ብዙ አየች።
«ሌባ» አለችኝ።

ለኢንሹራንስ ዋጋ ሙላ ቢሉኝ ቦታውን ባዶ ተውኩት፤
ያለ ገለባ፣ ያለ ሚስማር፣ ስቶክሆልም በባቡር ወሰድኩት።
ፊት ለፊቴ አንድ ሕፃን ነበር። «ጭንህ ላይ ያለው ባዶ ነው?» አለኝ።
«አይደለም» አልኩት። ባቡሩ ድልድይ ላይ ነዘረ፤
አጥብቄ ያዝኩኝ።